ተራውን የጠበቀ ጥያቄ

መስከረም 18

ለውድ ጋሼ፣

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ እርስዎንም እትዬንም በሙሉ ጤና ያግኛችሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ እግሬ ከመቆም ብዛት ማበጡን ካልቆጠርነው ምንም አልሆንኩም። ሥራዬ እንደ በፊቱ እዚያው የተመለሱ ዕቃዎች መጋዘን ውስጥ ነው። ሰው ገዝቶ «አይሠራም» ብሎ የመለሰውን ስልክ ጠረጴዛዬ ላይ ይደረድሩልኛል፤ እኔ ደህናውን ከብልሹው እለያለሁ። ከአሥሩ ስድስቱ ምንም አልሆነም። ባለቤቱ ማብሪያውን አላገኘውም፣ በቃ።

የሰዓት ሱቅዎን መዝጋትዎን ሰማሁ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ናት የጻፈችልኝ። ሠላሳ አራት ዓመት የተቀመጡበትን ወንበር ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ ሰቀሉት አለችኝ። ለምን ብዬ ብጠይቃት «አጎትሽን ራሳቸውን ጠይቂያቸው» አለች። ይኸው ጠየቅሁ።

ጋሼ፣ እርስዎ ሥራ ፈትተው መቀመጥ አይችሉበትም። እትዬን ያሳብዱብኛል። ስለዚህ ከዚህ ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው እጅ አንድ ስልክ ልኬያለሁ። ያገለገለ ነው፣ ግን በእኔ እጅ ተፈትሿል። «ምን ነካው?» ወደሚባል ነባር ግሩፕም አስገብቼዎታለሁ። ሰው ስልኩ ሲግልበት፣ ማተሚያው ወረቀት ሲበላበት፣ የይለፍ ቃሉ ሲጠፋበት እዚያ ገብቶ ይጮኻል። የሚያውቅ ይመልስለታል፤ የማያውቅም ይመልስለታል። እኔ ከሦስቱ አድሚኖች አንዷ ነኝ፤ የበር ጠባቂ ነገር ማለት ነው። እርስዎ በዚህ ዕድሜዎ ያልከፈቱት ዕቃ የለም። ገብተው የሚያውቁትን ይንገሯቸው። ስምዎን «ሰዓት ሠሪው» ብዬዋለሁ።

እኔም አዲስ ሳለሁ፣ አድሚን ከመሆኔ በፊት፣ እዚያ አንድ ጥያቄ ጠይቄ ነበር። አንዱ ሳቀብኝ እንጂ የመለሰልኝ የለም። ይሁን፣ አልፏል።

ስልኩን ለመደወያ ብለው አይጨነቁ። ደብዳቤውን ለምደነዋል፣ እሱ ይሻለናል። የሚያስፈልግዎ ነገር ካለ ይጻፉልኝ።

እንደ አባት ያሳደጓት
የወንድምዎ ልጅ


ጥቅምት 22

ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

እንደምን ከርመሻል? ያበጠ እግርሽን ለብ ባለ ውሃ ጨው ጨምረሽ ንከሪው፤ ጫማሽንም አንድ ቁጥር ከፍ አድርጊው። እኛ አለን። እትዬሽ ትሟገተኛለች፣ እኔ እሸነፋለሁ፤ ቤቱ ሰላም ነው።

ስልኩ ደረሰኝ፣ ዕድሜ ይስጥሽ። መጀመሪያ ቀን ሳበራው ጠፋ። ሁለተኛ ቀን ሳጠፋው በራ። በሦስተኛው ተግባባን።

ግሩፕ ወዳልሽው ቤት ገባሁ። መጀመሪያ ያደረግሁት ሱቄን ስከፍት የማደርገውን ነው፤ ሰልፉን ቆጠርኩ። ወደ ታች ስወርድ፣ ስወርድ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አንቺ ልጅ፣ ይሄ ምን ዓይነት ቤት ነው? ከሰባት ዓመት በፊት የመጣ ሰው ቆሞ ትናንት የመጣው ይስተናገዳል! መልስ ያላገኙትን ብቻ በደብተር ብመዘግባቸው ስድስት መቶ አርባ ሆኑ። ስድስት መቶ አርባ ሰው ወረቀቱን ይዞ በር ላይ ቆሟል፣ ደህና አደርክ ያለው የለም። አፈርኩላችሁ።

ታውቂኛለሽ። እኔ ጋ ሰዓት ያመጣ ሰው ቁጥር የተጻፈባት ወረቀት ይይዛል፣ ሰዓቱ ምስማር ላይ ይሰቀላል፣ ተራው ሲደርስ ይወርዳል። ዳኛው መጥቶ «ችሎት አለብኝ፣ ቶሎ በል» ቢለኝ «ሰዓትዎም ተራ አለበት» ብዬዋለሁ። የእትዬሽ ሰዓት እንኳ አሥራ አንድ ቀን ተሰቅሎ ጠብቋል፤ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ጨው የሌለው ምሳ በላሁ እንጂ ተራ አልዘለልኩም። ስለዚህ ከአንደኛዋ ጀምሬያለሁ። ስልኳ ውሃ ውስጥ የወደቀባት ሴትዮ ናት። እስካሁን ደርቆ ይሆናል፣ ቢሆንም መልሼላታለሁ።

ሱቁን ለምን ዘጉ ላልሽው፣ ሰዓት የሚያስር ሰው ጠፋ። ሁሉም ኪሱ ውስጥ ያያል። ሌላ ምክንያት የለውም። ወንበሩን ብገለብጠውም ሁለቱን የግድግዳ ሰዓቶች አላወረድኳቸውም፤ በየሳምንቱ እሞላቸዋለሁ። መንገደኛ ዛሬም በመስኮት አይቶ «ያኛው ሰዓትዎ ተሳስቷል እኮ» ይለኛል። አንዱማ «እንዲህ ከሆነ መዝጋትዎ አይፈረድም» ብሎኝ ሄደ። ይበሉ።

እትዬሽ ያኔ ወድቃ የተሰበረው ዳሌዋ ድሮ ነው የዳነው። ዝናብ ሲመጣ ብቻ ከሬዲዮው ቀድማ ታውቃለች። ስልኩን ስታይ «እና አሁን በዚህ ትደውላለች?» አለችኝ። «ለሥራ ነው ብላለች» አልኳት። ወደ ድስቷ ተመለሰች።

የምፈልገው ነገር ቢኖር አንድ ጥሩ ማጉያ መነፅር ነው፤ ፊደሉ ያንስብኛል። ደግሞ ያ የጠየቅሽው ጥያቄ የትኛው ነው? ቁጥሩን ለማወቅ ያህል ነው እንጂ ላንቺም ተራ አልዘልልሽም።

አጎትሽ


ኅዳር 9

ለውድ ጋሼ፣

ሰላምታዬ ከሥራ ጠረጴዛዬ ይድረስዎ፤ የምሳ ሰዓቴን ትቼ ነው የምጽፍልዎት። ምን ጉድ አመጡብን!

ለመጀመሪያዋ ሴትዮ የጻፉትን በቃሌ ይዤዋለሁ። «ስልካቸው ውሃ ውስጥ ለወደቀባቸው እመቤት። ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ስልኩን ያጥፉት። ሠርቶ እንደሆን ለማየት ደጋግመው አያብሩት፤ ውሃ የገባበት ዕቃ የሚሞተው በባለቤቱ ጉጉት ነው። ጀርባው የሚከፈት ከሆነ ከፍተው በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ሁለት ቀን ያስተኙት። ፀጉር ማድረቂያ አያስጠጉበት። ሩዝ ውስጥ ይቅበሩት የሚሉ አሉ፤ ሩዙን ቀቅለው ይብሉት። አክባሪዎ፣ ሰዓት ሠሪው።»

ሰው መጀመሪያ ሳቀ። ግሩፕ ላይ በደብዳቤ የሚመልስ ሰው አይተው አያውቁማ። ከዚያ ሴትየዋ ራሷ ብቅ አለች! «ያ ስልክ ከተጣለ ስድስት ዓመት ሆነው። ግን ያን ጊዜ ጮኼ ጮኼ ማንም ዞር ብሎ ስላላየኝ ከፍቶኝ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ሳቁ ቆመ።

ቻርጅ አልገባ ላለው ሰውዬ ደግሞ «ስልክዎ አልታመመም፤ ኪስዎ ነው የቆሸሸው» ብለው፣ ስልኩን አጥፍቶ ቀዳዳውን በደረቅ ስቴኪኒ ቀስ ብሎ እንዲጠርግ፣ መርፌ ግን እንዳያስገባ መከሩት። ይህንን ለሥራ ባልደረቦቼ ነገርኳቸው። በዚያ ቀን ቻርጅ አይገባም ተብለው ከተመለሱት ሰባት ስልኮች አምስቱ በስቴኪኒ ተነሡ! ኃላፊያችን አንድ ፓኮ ሙሉ ስቴኪኒ ገዝቶ በየጠረጴዛው አደለ። «አጎትሽ ምንድን ናቸው?» አለኝ። «ሰዓት ሠሪ» አልኩት፣ እንዴት ኮራሁ መሰለዎት።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የትኛው እንደሆነ ልንገርዎት? ባትሪዬ ብርድ ሲሆን ለምን ቶሎ ያልቃል ላለው ልጅ የመለሱት ነው። «አላውቅም። ጠይቄ እነግርዎታለሁ» አሉት። ጋሼ፣ በሰባት ዓመት ውስጥ በዚያ ግሩፕ «አላውቅም» ያለ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት። ሁለት መቶ ሰው ላይክ አደረገው። በሳምንቱም ጠይቀው ነገሩት።

አንዲት ነገር ብቻ። በቀን አርባ መልስ አይጻፉ፣ ቀስ ይበሉ። አሮጌ ጥያቄ በተመለሰ ቁጥር ወደ ላይ ይወጣና የዛሬውን ጠያቂ ወደ ታች ይገፋዋል። ኢንጅነሩ የምንለው አድሚን ትንሽ አጉረምርሟል። ከባድ ነገር አይደለም።

ማጉያ መነፅሩን ልኬያለሁ። ግን ጋሼ፣ የእጅ ጽሕፈትዎ ተንቀጥቅጧል። ብርድ ነው?

የእኔን ጥያቄ ይተዉት። ለእትዬ ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 2

ለልጄ፣

ፈጣሪ ከነጠረጴዛሽ ይባርክሽ፣ ክፉ አይንካሽ። መነፅሩ ደርሷል። የእትዬሽ ሰላምታ የበዛ ነው፤ ከሰላምታው በላይ የምትለውን ግን አልጽፈውም፣ ታውቂዋለሽ።

ብርድ አይደለም። ካየሽው ምን እደብቃለሁ። እጄ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። የሰዓት ብሎን ከሰናፍጭ ፍሬ ያንሳል። አንድ ቀን በወረንጦ ይዤው ሳለ ከእጄ አመለጠኝና እትዬሽና እኔ በጉልበታችን ወለሉ ላይ ግማሽ ቀን ፈለግነው። ያገኘችው እሷ ናት። ብሎኑን ቦታው መለስኩ፣ የሰውየውን ሰዓት ሰጠሁ፣ ወንበሩን ገለበጥኩት። ሰዓት የሚያስር ጠፋ ያልኩሽ ውሸት ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት የታዘዘችልኝ እጅ አልታዘዝም ስትለኝ መናገሩ አሳፈረኝ።

ስልኩም ላይ አንዱን ፊደል ስነካ ሦስቱ ይመጣብኝ ነበር። ስለዚህ እኔም እንደ ሰው ጥያቄዬን ጻፍኩ፤ በደብተሬ ስድስት መቶ አርባ አንደኛ ብዬ ራሴን መዝግቤ ተራዬን ልጠብቅ ተቀመጥኩ። መች ጠበቁኝ! በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሃያ ሰው መለሰልኝ፤ ያውም በደብዳቤ፣ ያውም «ለተከበሩ ሰዓት ሠሪ» እያሉ። አንዲት ነርስ ሴቲንጉን ከፍቼ፣ ተደራሽነት የሚለው ውስጥ ገብቼ፣ ተደጋጋሚ ንክኪን ችላ በል የሚለውን እንዳበራ አንድ በአንድ አስረዳችኝ። አሁን ስልኩ መንቀጥቀጤን አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ጨዋ ሆነ።

ልጄ፣ እነዚህ ልጆች እንዴት ያሉ ናቸው! ፊታቸውን አላውቅ፣ የማን ልጆች እንደሆኑ አላውቅ። አንዱ አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ ነው የጻፈልኝ፣ አንዷ ልጇን እያጠባች። የዛሬ ልጅ ሰው አይሰማም እያልኩ ስንት ጊዜ አማኋችሁ፤ ይቅር በሉኝ።

አሁን ግን ችግር ገጥሞኛል። ሁለት መቶ ዘጠና ሰባት ላይ ደርሼ ነበር። ባለፈው ሐሙስ ስከፍተው «ይህን ግሩፕ ማየት አይችሉም» አለኝ። አጠፋሁት፣ አበራሁት። ከልብስ ሰፊዋ ዋይፋይ አውጥቼ በራሱ ካርድ ሞከርኩት። መስታወቱን በለስላሳ ጨርቅ ጠረግሁት፤ እንደማይረዳ አውቃለሁ፣ እጅ ልማዱን አይተውም። ሌላው ሁሉ ይሠራል፣ ይህ ብቻ እምቢ አለ። ምን ነካው? አንቺ በሩ ላይ ስላለሽ ታውቂዋለሽ። ሦስት መቶ አርባ ሦስት ሰው ቆሞ እየጠበቀኝ ነው፤ ምግብም አልበላ ብሎኛል።

ከእንግዲህ ዕቃ አትላኪልኝ። ይህን ብቻ ንገሪኝ።

አጎትሽ


ጥር 28

ጋሼ፣

ሰላም ለእርስዎና ለእትዬ። ዘግይቻለሁ። ሁለት ወር ሊሞላ ነው። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት፤ ይሄኛውን ሳላነበው ፖስታ ውስጥ እከተዋለሁ።

ስልክዎ ደህና ነው። ምንም አልነካውም። ያባረርንዎ እኛ ነን።

ኢንጅነሩ ለሁለታችን «ሰዓት ሠሪውን ብሎክ ላድርጋቸው? አዲስ ጥያቄ የሚያይ ሰው ጠፋ» ብሎ ጻፈ። ሌላኛው «እሺ» አለ። እኔ አነበብኩት። ስልኬን በፊቱ ደፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ወደ ሥራዬ ዞርኩ። «አጎቴ ናቸው» አላልኩም። «ልንገራቸው፣ ይሰሙኛል» አላልኩም። ዝም አልኩ፤ ዝምታዬ እሺ ሆኖ ተቆጠረ።

ከዚያ የእርስዎ ደብዳቤ መጣ። መስታወቱን በጨርቅ ጠረግሁት የሚለው ላይ ስደርስ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ዝም ማለት መቼ እንደለመድኩ ታውቃላችሁ። የሁለቱ አገር ሰዓት ተምታቶብኝ፣ እናንተ ጋ ጎህ ሳይቀድ ደውዬ፣ እትዬ መርዶ መስሏቸው ሲሮጡ የወደቁ ጊዜ ነው። ዳሌያቸው ተሰበረ ሲሉኝ ከሰማሁ ጀምሮ ጣቴ ቁጥራችሁን መንካት እምቢ አለኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ወረቀት ላይ ተደበቅሁ። አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣችሁኝም። ብትቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

ግሩፑ ውስጥ በየቀኑ «ሰዓት ሠሪው የት ገቡ?» ይባላል። የሚጠይቁትም በደብዳቤ ነው። ትናንት ለኢንጅነሩ ሁሉንም ነገርኩት፤ ማን እንደሆኑ፣ እጅዎ እንዴት እንደሆነ፣ እኔ እንዴት ዝም እንዳልኩ። «እሳቸው ካልተመለሱ እኔም እወጣለሁ» አልኩት። እስካሁን አልመለሰልኝም። እርስዎም ባይመልሱልኝ አልፈርድም።

ልጅዎ


የካቲት 20

አንቺ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ አንጀትሽን ፈጣሪ ያርጥበው። መጀመሪያ እንባሽን ጥረጊ፤ እሱም እንደኔ መስታወት በለስላሳ ጨርቅ ይጠረጋል።

መባረሬን ካወቅሁ ቆየሁ። ያንን ደብዳቤ ፖስታ ቤት ባስገባሁ በሁለተኛው ቀን ልብስ ሰፊዋ በራሷ ስልክ ከፈተችው። ለእሷ ክፍት ሆኖ ለእኔ ከተዘጋ፣ ብልሽቱ ስልኩ ላይ አለመሆኑን ለማወቅ ሰዓት ሠሪ መሆን አያስፈልግም። እንዳወቅሁ ልጽፍልሽ ብዕር አንሥቼ ነበር። እትዬሽ «ተዋት፣ ራሷ ትናገረው» አለችኝ። ተናገርሽው፤ ጎሽ።

ኢንጅነሩን አትቀየሚው። ልክ ነው። እኔ የቆሙትን አይቼ የዛሬዎቹን ረገጥኳቸው። ምስማር ላይ ያለውን ሰዓት ሁሉ አውርጄ ጠረጴዛው ላይ ብከምረው የገባውን ደንበኛ ምን ላይ አስተናግደዋለሁ? ይህን ሳላስተውል ሠላሳ አራት ዓመት ሠራሁ ማለቴ!

ጻፈልኝ እኮ። «ለተከበሩ ሰዓት ሠሪ» ብሎ ጀመረ። ደብዳቤ ጽፎ እንደማያውቅ ያስታውቃል፤ «እንደምን ሰነበቱ»ን መጨረሻ ላይ አደረገው። ለአሮጌዎቹ ጥያቄዎች ለብቻቸው ክፍል ሠርቶልኛል፣ የዛሬውን የማይገፋ። ሦስት ቀን ፈጀበት አሉ። «የሰዓት ሠሪው ሰልፍ» ብሎታል። በሳምንት ሦስት እንድመልስ ተስማምተናል፣ ቃሌን ሰጥቻለሁ። እንዴት ያለ ልጅ ነው! ጥፋቱን አምኖ፣ በዚያ ላይ በእጁ ሠርቶ የሚክስ ሰው ስንት አለ?

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እትዬሽ አጠገቤ ቆማ «እንደነገርኩህ ጻፍ፣ አንዲት ቃል እንዳታስቀር» እያለችኝ ነው። «የወደቅሁት በስልክሽ አይደለም። ስልክ ሲጮህ ስንቴ ሮጫለሁ፣ ስንቴ ወደቅሁ? የወደቅሁት አጎትሽ የጥገና ሳጥኑን ወደ ሱቁ በሚያስገባው መተላለፊያ ላይ ገትሮት ስላደረ ነው። ስሙን ላለማጥፋት ዝም አልኩ፤ አንቺ እንዲህ ተሸክመሽው እንደምትኖሪ ባውቅ በየአደባባዩ አስነግርበት ነበር።»

እውነቷን ነው። ሳጥኑ የኔ ነው። ስትወድቅ አይቻለሁ፣ ሳጥኑን አንሥቼ ቦታው የመለስኩትም እኔ ነኝ። ሰው «እንዴት ወደቀች?» ሲለኝ «ስልክ አስደንግጧት» እላለሁ። ወሬው በሰው አፍ ዞሮ አንቺ ጋ እንደሚደርስ አላሰብኩም፤ ሲደርስም ዝም አልኩ። የኔና ያንቺ ዝምታ ይመሳሰላል፣ የኔ ግን ይብሳል። ይቅርታ ጠያቂው እኔ ነኝ፣ ልጄ። ይቅር በይኝ።

ማጉያ መነፅር ጠይቄሽ ነበር፣ ላክሽልኝ። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብዬ ፈራሁ። ይቆየኝ፤ መጀመሪያ ሰልፌን ልጨርስ።

አጎትሽ


መጋቢት 24

ለጋሼና ለእትዬ፣

ሰላም ለቤታችሁ፣ ሰላም ለዚያ መተላለፊያ ሳይቀር። የሳጥኑን ነገር ሳነብ መጀመሪያ ተናደድኩ፤ አልዋሽም፣ ሁለት ቀን ተናደድኩ። በሦስተኛው ቀን እትዬ በጣታቸው ወረቀቱን እየጠቆሙ «እንዳታስቀር» ሲሉዎት ታየኝና ብቻዬን ሳቅሁ። ይቅር ብያለሁ። ትከሻዬ እንዴት እንደቀለለኝ አልነግርዎትም።

ዛሬ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። «የሰዓት ሠሪው ሰልፍ፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለተኛ» ይላል። ከሥሩ ያ አሮጌ ጥያቄዬ አለ። «ስልኬ የዚህን አገር ሰዓትና የቤተሰቦቼን ሰዓት አንድ ላይ እንዲያሳየኝ ማድረግ ይቻላል? በስህተት ደውዬ ሰው ጎድቻለሁ። እባካችሁ፣ ቶሎ።» የጠያቂዋ ስም «የሩቋ» ይላል። ቀጥሎ የአንዱ ሳቅ አለ፦ «መደመርና መቀነስ አልተማርሽም?» ሰባት ዓመት ከዚያ በታች ባዶ ነበር። ዛሬ የእርስዎ ደብዳቤ ተቀምጦበታል።

«ለሩቋ ጠያቂ። እንደምን ከረምሽ? ቶሎ ብለሽ ነበር፤ እኛ ዘገየን። አዎ፣ ይቻላል። የስልክሽን ሰዓት ክፈቺ፣ የዓለም ሰዓት የሚለውን ንኪ፣ የቤተሰቦችሽን ከተማ ጨምሪ፤ ሁለቱም አንድ ላይ ይታዩሻል። ይህ የስልኩ መልስ ነው። የሰዓት ሠሪም መልስ አለ። ሁለት የግድግዳ ሰዓት ጎን ለጎን ስቀዪ፤ አንዱን በራስሽ፣ አንዱን በሩቅ ሰውሽ ሰዓት ሙዪ። የሚያይሽ ሁሉ ያኛው ተሳስቷል ይልሻል። ማንም እንዲነካው አትፍቀጂ። እኔ ጋ እንዲህ ያለ አንድ አለ። ልጄ ከሄደችበት ቀን ጀምሮ የእሷን ሰዓት ይቆጥራል። ስትነሣ አውቃለሁ፣ ሥራ ስትገባ አውቃለሁ፣ ስትተኛ ደህና እደሪ እላታለሁ። የሰዓት ሠሪ ሰዓት ተሳሳተ ብለው ስንት ዓመት ሳቁብኝ፤ አንድ ቀን ግን አልተሳሳተም። አክባሪሽ፣ ሰዓት ሠሪው።»

ጋሼ፣ ለሰው ሁሉ «እርስዎ» ብለው የሚጽፉ ሰው ለእኔ ብቻ «አንቺ» አሉ። አውቀዋል። መቼ ነው ያወቁት?

ኃላፊዬ መጥቶ «ምን ሆንሽ?» አለኝ፤ ፊቴ ርሶ ነበር። «ጥያቄዬ ተመለሰልኝ» አልኩት። ስልክ ይዤ ሳለቅስ ሲያይ የተበላሸ ዕቃ መስሎት «ስቴኪኒ ሞክረሻል?» አለኝ። እንዴት እንደሳቅሁ!

እንዳሉት አደረግሁ። አሁን ሁለታችሁም ስልኬ ላይ ናችሁ። ቁጥራችሁን አውጥቼ ሳየው ጣቴ ይንቀጠቀጣል፤ በዘር ነው መሰለኝ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ። ስንት ሰዓት ብደውል አትደነግጡም?

ልጃችሁ


ሚያዝያ 11

ለልጄ፣

ጤና ላንቺ፣ ምስጋና ለላይኛው። ይህን የምጽፈው ወንበሬን ከጠረጴዛው አውርጄ፣ ተቀምጬበት ነው።

መቼ አወቁ ላልሽው፣ በሁለተኛው ቀን ነው፤ ሰልፉን ስቆጥር። ጥያቄሽ የተጻፈው እትዬሽ በወደቀች በሦስተኛው ቀን ነው። «ሰው ጎድቻለሁ» የሚለውን ሳነብ ደብተሬን ዘጋሁ። ቁጥሩን ንገሪኝ ያልኩሽ ራስሽ ትነግሪኝ እንደሆን ብዬ ነው። ታዲያ ለምን ቶሎ አልመለሱልኝም እንዳትዪ። አንደኛ፣ ከፊትሽ ሦስት መቶ አሥራ አንድ ሰው ነበር። ሁለተኛ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለተኛ መሆንሽ ደስ ብሎኝ ነበር፤ የሳጥኑን ነገር ለመናገር ፋታ አገኘሁ ብዬ። ፈሪ አጎት ነው ያለሽ።

ሳጥኑን ለልብስ ሰፊዋ ሰጠኋት፤ ክርና ቁልፍ ታስቀምጥበታለች። መተላለፊያው ባዶ ነው። እትዬሽ ያኔ የጮኸውን ስልክ ከሱቅ ወስዳ ከአልጋው አጠገብ፣ እጇ በሚደርስበት አድርጋዋለች፤ ከእንግዲህ የሚሮጥ የለም።

ስንት ሰዓት ልደውል ላልሽው ጥያቄ ደብተሬ ላይ ስድስት መቶ አርባ ሁለተኛ ብዬ መዘገብኩሽ። እትዬሽ አየችኝ። ደብተሩን ከእጄ ነጥቃ «ይህቺን ዛሬ መልስላት፣ ካልሆነ ጨው የለም» አለች። ስለዚህ በሠላሳ አራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ተራ ዘለልኩ።

ባሻሽ ሰዓት ደውይ። እዚያ ስንት ሰዓት እንደሆነ እኛ እናውቃለን።

አጎትሽ